በነሐሴ ያለፈ፣ በመጋቢት የወደቀ ፕሮሰሰር፦ የአንድ የባሕር ዳር ኮምፒዩተር ቤት የኦቨርክሎክ አገልግሎት

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ደንበኛ የሚያየው የተጠናቀቀውን ምስል ብቻ ቢሆንም፣ እኔን ሌሊት ቁጭ የሚያደርገኝ ያ ምስል ከኮምፒዩተሩ እስኪወጣ ያለው ጥበቃ ነው። አንድ የሳሎን ምስል ሬንደር ለማድረግ (ንድፉን አስልቶ ፎቶ ወደሚመስል ምስል ለመቀየር) ኮምፒዩተሬ 52 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ ደንበኛው «የሶፋው ቀለም ትንሽ ይደምቅልኝ» ባለ ቁጥር ደግሞ ሌላ 52 ደቂቃ ይጨመራል። አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት በጊዜው በነበረው ዋጋ የሚታሰብ ስላልነበረ፣ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ያለኝን ይዤ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ሄድሁ፤ 1,500 ብር ከፍዬም ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አስደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን፣ በመጋቢት የገጠመኝንና ወደዚያው ቤት ተመልሼ ያሠራሁትን አንድ ላይ አድርጌ አገልግሎቱን ከዚህ በታች እገመግማለሁ። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ የምተቸው ጉድለት የእነርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጠቅሰው ነበር፣ ነገር ግን በከተማው ሌሎች ሁለት ቤቶችን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ተመሳሳይ ነው።

ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ፕሮሰሰሩን (የኮምፒዩተሩን ዋና አስሊ ቺፕ) አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማዘዝ ነው። የእኔው ኢንቴል ኮር አይ7-8700ኬ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ለገበያ የቀረበ፣ ስድስት ኮር (ለየብቻቸው የሚያሰሉ ክፍሎች) እና አሥራ ሁለት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ የሥራ መስመሮች) ያለው ነው፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.7 ጊጋኸርትዝ ሆኖ፣ አንድ ኮር ብቻውን ሲሠራ እስከ 4.7፣ ስድስቱም አብረው ሲሠሩ ደግሞ እስከ 4.3 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል። በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» የምታመለክተው ፍጥነቱን የሚወስነው ማባዣ ለተጠቃሚው ክፍት መሆኑን ነው፤ ማዘርቦርዱም ይህን የሚፈቅድ መሆን ስላለበት፣ የእኔው ዜድ370 መሆኑ ጠቅሞኛል። ይህ ፕሮሰሰር አንድ የታወቀ ድክመት አለው። በቺፑና ከላይ በሚታየው የብረት ክዳን መካከል ኢንቴል የተጠቀመው ብየዳ ሳይሆን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ክዳኑ ለመውጣት ይቸገራል፤ ይህን ደግሞ ከውጭ የሚገጠም ማንኛውም ፋን አያስተካክለውም።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት የእጅ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ባለሙያው ሠላሳ ዓመት የሞላው የማይመስል ወጣት ሲሆን፣ ገና ባዮስ (የኮምፒዩተሩን መሠረታዊ ቅንብር መቀየሪያ) ሳይከፍት ሂት ሲንኩን (ሙቀት የሚያስወጣውን ባለ ክንፍ ብረት) አወለቀ። ለዓመታት የቆየው ፔስት ደርቆ እንደ አሮጌ የግድግዳ ኖራ ይፈረፈር ነበር፤ ወጣቱ በአልኮል በራሰ ጥጥ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ከጠረገው በኋላ፣ ከአዲሱ ፔስት ከምስር የምትበልጥ፣ ከሽምብራ የምታንስ ጠብታ መሐሉ ላይ አኖረ። በሂት ሲንኩ ክንፎች መካከል የተጠራቀመውን አቧራና ማታ ማታ በመብራት ተስቦ የሚገባውን የትንኝ ክምር በብሩሽ አራገፈ፤ ትንኙ ከሐይቁ በቅርብ ርቀት ላይ መስኮት ከፍቶ ለሚሠራ ሰው የማይቀር ዕዳ ነው። ይህን ብቻ ሠርቶ ቢመልስልኝ እንኳ ከከፈልሁት ገንዘብ ግማሹ አይቆጨኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባዮስ ገብቶ ማባዣውን 49፣ ቮልቴጁን 1.33 አደረገው፤ ይህም ስድስቱም ኮሮች በ4.9 ጊጋኸርትዝ እንዲሠሩ ማለት ነው። እስከ 5 ድረስ እንዲወስደው ይገፋፋኛል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እርሱ ግን «ጋሼ፣ 5 የሚባለው ለወሬ ነው፤ በዚህ ሂት ሲንክ 4.9 ይበቃዎታል» አለኝ። ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ።

ፈተናው ላይ ስንደርስ ነገሩ ተቀየረ። ሲንቤንች የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ አሥር ደቂቃ አሠራው። የኬዙ (የኮምፒዩተሩ ሳጥን) የጎን ሽፋን ወልቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውጭ ከሌሊት ጀምሮ ያላቋረጠ ዝናብ ይጥላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሙቀት የሚያሳይ ሰዓት 20 ዲግሪ ይላል። በዚህ ሁኔታ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ሙቀት 84 ዲግሪ ሆነ። ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይም «4.9፣ 84 ዲግሪ፣ ተፈትኖ አልፏል» ተብሎ ተጽፎ ተሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ያልተጻፈው የክፍሉ ሙቀት፣ የሽፋኑ መውለቅና የፈተናው አጭርነት ነው። እኔም ገንዘቤን ከፍዬ ስወጣ የጠየቅሁት ነገር አልነበረም።

እስከ የካቲት ድረስ ቅሬታ አልነበረኝም። ያው የሳሎን ምስል በ46 ደቂቃ መውጣት ጀመረ፤ ስድስት ደቂቃ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፣ በቀን ስምንትና ዘጠኝ ምስል ለሚያወጣ ሰው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ አንድም ቀን አልቆመብኝም።

መጋቢት ሲጋመስ፣ ለአንድ የሐይቅ ዳር ሎጅ ሦስት ምስሎች በማግስቱ ጠዋት ማስረከብ ነበረብኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ምስል ሲሦው ያህል ሲቀረው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። የስህተቱ ስም «ክሎክ ዋችዶግ ታይምአውት» ይላል፤ ይህም ከኮሮቹ አንዱ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ምላሽ ሳይሰጥ ቀረ ማለት ነው። አስነስቼ እንደገና ጀመርሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያው መጣ። በማታው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ያንኑ ሥራ ያለ ምንም ችግር ጨረሰ። በማግስቱ የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ስመለከት፣ «ዊያ» በሚባለው የሃርድዌር ስህተት ምድብ ውስጥ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ አርሞ ያለፋቸው ስህተቶች ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ተደርድረው አገኘኋቸው። ለአንድ ወር ያህል ሲያስጠነቅቅ ኖሯል፤ ዞር ብዬ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። በ46 ደቂቃ ይወጣ የነበረው የሳሎን ምስል ከሰዓት በኋላ ሲሠራ 50 ደቂቃ መፍጀት ጀምሯል። ኤችደብሊውኢንፎ64 የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ሬንደሩን ስከታተል ምክንያቱ ወዲያው ታየ። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ላይ ተገትሯል፤ ፕሮሰሰሩ በሙቀት የተነሣ ፍጥነቱን ቀንሶ እንደሆነ የሚገልጸው መስመር «አዎ» ይላል፤ ፍጥነቱም ከ4.9 ወርዶ በ4.4 እና በ4.5 መካከል ይዋልላል። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር የወሰነው የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቆርጣል፣ ካልበቃውም ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ከፍዬ ያስጨመርሁት ፍጥነት በጠዋት እየተሰጠኝ ከሰዓት በኋላ ይወሰድብኝ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሱቁ ውስጥ የታየው 84 ዲግሪ ከክፍሉ 20 ዲግሪ በ64 ይበልጣል። ሂት ሲንክ የሚሠራው አየሩን መነሻ አድርጎ ስለሆነ፣ ሊጠበቅ የሚገባው ቁጥር 84 ሳይሆን ይህ የ64 ዲግሪ ልዩነት ነው። የሥራ ክፍሌ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ 29 ዲግሪ ይሆናል፤ 29 ላይ 64 ሲጨመር 93 ይመጣል። የኬዙ ሽፋን ሲዘጋ ደግሞ በውስጡ ያለው አየር ከክፍሉ አየር ይሞቃል፤ በእኔ ኬዝ ሽፋኑን ከፍቼና ዘግቼ ስለካው ልዩነቱ 7 ዲግሪ ሆነ። ድምሩ በትክክል መቶ ነው። በነሐሴ በእስክሪብቶና በወረቀት ሊታወቅ የሚችለውን ነገር ለማወቅ መጋቢትን ጠበቅሁ።

የቮልቴጁንም ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ ፕሮሰሰር የሚያመነጨው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን ቢያድግም፣ ከቮልቴጁ ጋር የሚያድገው ግን በካሬው ነው። የእኔው በ4.3 ጊጋኸርትዝ ሲሠራ 1.18 ቮልት ነበር የሚወስደው። ወደ 4.9 ለማድረስ ቮልቴጁ 1.33 ሲደረግ ፍጥነቱ የጨመረው በ14 በመቶ ሲሆን፣ ሙቀቱ ግን የሚጨምረው በ45 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሙቀት ራሱ መረጋጋትን ይበላል፤ በአንድ ቮልቴጅ 80 ዲግሪ ላይ በትክክል የሚያሰላ ኮር፣ በዚያው ቮልቴጅ 98 ዲግሪ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ሰማያዊው ስክሪን በ8 ሰዓት መጥቶ ማታ የጠፋው ለዚህ ነው።

በውጭ አገር የሚወጡ የሂት ሲንክ ግምገማዎችን አንብቦ ለሚወስን የከተማችን ሰው አንድ ነገር ላክል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ተመሳሳይ ሙቀት ያለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ፣ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ በቪዲዮ ላይ 80 ዲግሪ የታየ ፕሮሰሰር እዚህ 80 ላይ ይቆማል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የእኔ ፕሮሰሰር በዚያ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ከተጣደችው ጀበና በላይ ሲሞቅ ይውል ነበር።

ወደ ፈተናው ልመለስ። ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መመለስ አለበት፤ አንደኛው ሲጨነቅ ይሳሳታል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ይሞቃል ወይ የሚለው ነው። ሲንቤንች ምስል የሚያወጣ ፕሮግራም በመሆኑ ለእኔ ዓይነት ሥራ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ነጥብ ለማነጻጸር የተሠራ እንጂ ስህተት ለማደን የተሠራ አይደለም። አሥር ደቂቃም ቢሆን አጭር ነው፤ ቺፑ በሰከንዶች ውስጥ ይሞቃል፣ ሂት ሲንኩ ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ያለው አየር እስኪረጋ ደግሞ በእኔ ልኬት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በፊት የተነበበ ቁጥር ገና በመውጣት ላይ ያለ ቁጥር ነው።

ስህተት ለማደን የተሻለው ፕራይም95 ነው። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 በተጀመረ ፕሮጀክት ውስጥ፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ እጅግ ግዙፍ ቁጥሮችን የሚፈልጉ ሰዎች ይጠቀሙበታል። የማሠቃያ ፈተና በሚለው ክፍሉ ውስጥ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ስሌቶችን እየደጋገመ ያሰላል፤ በየመሐሉም የስሌቱ ውጤት ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋ ምን ያህል እንደራቀ ይመረምራል፤ ርቀቱ ከ0.4 ካለፈ የሃርድዌር ስህተት አለ ብሎ ያንን ሠራተኛ (ፕሮግራሙ ስሌቱን ከሚያከፋፍልባቸው ክፍሎች አንዱን) ያቆመዋል። የእኔውን በ4.9 ላይ በራሴ ክፍል ስፈትነው ሦስተኛው ሠራተኛ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ቆመ፤ «0.5 ሆኗል፣ ከ0.4 በታች ይጠበቅ ነበር» የሚል መስመር ጽፎ ዝም አለ። ሌሎቹ አምስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ኮምፒዩተሩም አልጠፋም፣ ማውሱም ይንቀሳቀሳል። የፕሮግራሙን መስኮት ወደ ታች ወርዶ ያላነበበ ሰው ፈተናው እየታለፈ ነው ብሎ ይሄድ ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ይህ ስህተት ጨርሶ አይታይም ነበር።

ፕራይም95ን የሚነቅፉ ሰዎች ከእውነተኛ ሥራ በላይ ያሞቃል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ በተለይ አነስተኛ ስሌቶችን የሚደጋግመው ምርጫው ሥራውን በሙሉ በፕሮሰሰሩ ካሽ (ቺፑ ውስጥ ባለው ትንሽ ፈጣን ማኅደር) ውስጥ ስለሚያካሂድና ኤቪኤክስ የሚባሉትን ከባድ ትዕዛዞች ስለሚጠቀም፣ ከማንኛውም ሬንደር የበለጠ ሙቀት ያወጣል። እኔ ግን የምጠቀምበት እንደ ጣሪያ ነው። በዚህ ፈተና ከ95 ዲግሪ በታች ከቆየ በሥራዬ ከ85 አያልፍም፤ ይህ የእኔ መስፈርት እንጂ የኢንቴል አይደለም። ኦሲሲቲ የተባለውም ስህተትን ከነ ኮሩ ቁጥር ስለሚጠቁምና ሙቀቱን በግራፍ ስለሚያሳይ፣ ለጀማሪ የሚቀልለው እርሱ ይመስለኛል።

ወደ ሱቁ የተመለስሁት መጋቢት ማብቂያ ላይ ነው። ዋስትናው የአንድ ወር ብቻ ስለነበረ ካለቀ ቆይቷል። ወጣቱ ነሐሴ የሰጠኝን ወረቀት አይቶ «ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ በደንብ ነው የሠራው» አለ። «አንተ ጋ ዝናብ ነበር» ብዬ የክፍሌን ሙቀትና የፈተናውን መስመር በስልኬ አሳየሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ካነበበ በኋላ አልተከራከረም፤ ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛው ላይ አወጣው። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሱቆች ከሚያደርጉት የተለየ ነገር ስላደረገ በግልጽ ልጻፈው። የጉልበት ዋጋ አልጠየቀኝም፤ የፔስት 300 ብር ብቻ ነው የተቀበለኝ።

ሂት ሲንኩ ሲነሣ ሌላ ነገር ተገኘ። ፔስቱ በክዳኑ ላይ እኩል አልተዘረጋም፤ በአንደኛው ጥግ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ብረቱ ያሳያል፣ በተቃራኒው ጥግ ግን ወፍሮ ተከምሯል። በነሐሴ አራቱን ብሎኖች በተራ አንዱን እስከ መጨረሻ እያጠበቀ ስለሄደ፣ ሂት ሲንኩ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ራሱ ነው ያሳየኝ፤ ሊሸፍነው ይችል ነበር። በዚህ ጊዜ ብሎኖቹን በተቃራኒ ጥግ ጥንድ ጥንድ እያደረገ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዙር ብቻ እያጠበቀ አሰረው። በዚህ ብቻ በተመሳሳይ ፍጥነትና ቮልቴጅ 6 ዲግሪ ወረደ።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ኤቪኤክስ ሲመጣ ብቻ ማባዣው እንዲቀንስ የሚያደርገውን የባዮስ ምርጫ እንድንጠቀም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ለጨዋታ ለሚጠቀም ሰው ይሆናል፤ የእኔ ሬንደር ፕሮግራም ራሱ ኤቪኤክስን ስለሚጠቀም ግን 4.9 የሚባለውን ቁጥር የማየው ኢንተርኔት ስከፍት ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለሁሉም ሥራ አንድ ወጥ 4.7 እንዲሆን ተስማማን፤ ቮልቴጁንም በ0.01 እያወረደ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየፈተነ፣ 1.23 ላይ አንድ ሠራተኛ ሲቆምበት ወደ 1.24 መለሰው። ነሐሴ ላይ ሎድ ላይን ካሊብሬሽን የሚባለውን ምርጫ የመጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጎት ነበር፤ ይህ ምርጫ ፕሮሰሰሩ ሲጫንበት ቮልቴጁ እንዳይወርድ የሚደግፍ ቢሆንም፣ ጫናው በድንገት ሲነሣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ከተፈለገው በላይ እንዲዘል ስለሚያደርግ፣ ወደ መካከለኛው ደረጃ እንዲያወርደው ጠየቅሁት፤ አወረደው።

የመጨረሻው ረጅም ፈተና በሱቁ ሳይሆን በእኔ ክፍል፣ ሽፋኑ ተዘግቶ፣ ኮምፒዩተሩ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሥር እንዲደረግ አጥብቄ ጠየቅሁ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ምሽት ላይ መጥቶ ፕራይም95ን ራሙንም (የኮምፒዩተሩን ጊዜያዊ ማኅደር) በሚያካትተው ቅይጥ ምርጫ ለስምንት ሰዓት እንዲሠራ ትቶት ሄደ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ እየጮኸ አምስት ደቂቃ ያህል ከያዘው በኋላ ኮምፒዩተሩ ጠፋ፤ ጠዋት በክስተት መዝገቡ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መስመር ተመዝግቦ አገኘሁ። ይህ መስመር ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ እንጂ ለምን እንደጠፋ አይናገርም፤ በመብራት መጥፋትም በፕሮሰሰር አለመረጋጋትም ያው ይመዘገባል። የዩፒኤሱን ጩኸት ያልሰማ ሰው በዚህ መስመር ምክንያት ፍጥነቱን ሳያስፈልግ ሊያወርድ ይችላል። በማግስቱ ማታ ደግመን ጀመርነው፤ ስምንቱንም ሰዓት ያለ ስህተት ጨረሰ፤ በ«ዊያ» ምድብም አንድ አዲስ መስመር አልተጨመረም።

የሙቀቱን ፈተና ግን በሌሊት ማድረግ ያንኑ የነሐሴ ስህተት መድገም ስለሚሆን፣ በቀን ከ8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ አደረግነው። ክፍሉ 29 ዲግሪ፣ ሽፋኑ የተዘጋ፣ መስኮቱ እንደ ወትሮው ገርበብ ያለ ነበር። በፕራይም95 አነስተኛ ስሌት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ ከፍተኛው ሙቀት 92 ዲግሪ፣ በሬንደር ሥራ ደግሞ 82 ዲግሪ ሆነ። ያ የሳሎን ምስል በ48 ደቂቃ ወጣ፤ በጠዋትም በከሰዓትም 48 ነው። በ4.9 ከሚገኘው ምርጥ ውጤት የሚበልጠው በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ሲሰጠኝ ከነበረው 50 ደቂቃ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ይፈጥናል። ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር የሚጨምረው ሙቀትም ከ45 ወደ 21 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት ቺፑን በጊዜ ብዛት እንደሚያደክሙት የታወቀ ስለሆነ፣ ምትኩን በቀላሉ ለማላገኝ ሰው ይህ ልውውጥ የሚያጠራጥር አይደለም።

አገልግሎቱን በአጠቃላይ ስመዝነው፣ ለጽዳቱ፣ ለፔስቱና ለባዮሱ ሥራ 1,500 ብር ተገቢ ዋጋ ነበር፤ ስህተቱን አምኖ ለማረም ያሳየው ፈቃደኛነት ደግሞ ከዋጋው በላይ ነው። ፈተናው ግን በመጀመሪያው ጊዜ ፈተና ሊባል አይችልም ነበር። ለቢሮ ሥራና ለፊልም ለሚጠቀም ሰው ኦቨርክሎክ ማስደረግ ፈጽሞ አያስፈልግም፣ ጽዳቱን ብቻ በአነስተኛ ዋጋ ቢያሠራ ይሻለዋል። እንደ እኔ ሬንደር የሚያደርግ ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ግን ወደዚህ ቤት ቢሄድ አልቃወምም፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሽፋኑ ተዘግቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲፈተን፣ የክፍሉ ሙቀት አብሮ እንዲጻፍ፣ በክረምት ከሆነ የሚያሠራው ደግሞ በተገኘው ቁጥር ላይ ቢያንስ አሥር ዲግሪ ጨምሮ እንዲያስብ ብቻ እጠይቀዋለሁ። የአንድ ወር ዋስትናም ለዚህ ዓይነት ሥራ አይበቃም፤ በነሐሴ የተሠራ ኦቨርክሎክ በእውነት የሚፈተነው ከሰባት ወር ገደማ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ወረቀት ሲሰጠኝ ማኅተሙ ያው ነው፤ ከሥሩ ግን በእስክሪብቶ የጨመረው መስመር አለ፦ «4.7፣ 1.24 ቮልት፣ ክፍሉ 29፣ ሽፋን ዝግ፣ 92 ዲግሪ፣ ሚያዝያ»። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሥራ ወደ ሱቁ ጎራ ስል፣ መደርደሪያው ላይ የነበረው ሙቀት የሚያሳይ ሰዓት ወደ መፈተኛው ጠረጴዛ ወርዶ አየሁት።